ታላቅ የከፈለው፣ ታናሽ የመረጠችው

ባለፈው ሳምንት ሁለት ወጣቶች ግቢያችንን ሊለኩ መጡ። የሰፈሩ ይዞታ ሁሉ በአዲስ መልክ ይመዘገባል ተብሎ ቤት ለቤት እየዞሩ ነበር። አንደኛዋ ልጅ ዕድሜዋ ከልጄ ከማርታ ያንሳል። ባለ ሦስት እግር መሣሪያዋን በሩ አጠገብ ተከለች። አንድ ዓይኗን ጨፍና ወደ ውስጥ ተመለከተች፤ ከዚያ ወረቀቷ ላይ የሆነ ነገር ጫር ጫር አደረገችና ቀና አለች።

«እማማ፣ ይሄ ቦታ ድሮ ከፊተኛው ጋር አንድ ነበር አይደል?»

«ነበር። በምን አወቅሽ?»

«ቅርጹ ይናገራል። የፊተኛው ሰፊ፣ የእናንተ ጠባብ፤ መግቢያችሁም እንደ አንገት የቀጠነ። ማን ነው እንዲህ የበደላችሁ?»

«ማንም አልበደለኝም፤ መርጬ የወሰድኩት ነው» አልኳት።

ሳቀች። ቀልድ መስሏት ነው። ውኃ ሰጠኋቸው፤ ጠጥተው፣ አመስግነው ወደ ጎረቤት አለፉ። እኔ ግን በረንዳው ላይ እንደተቀመጥኩ ቀረሁ። ልጅቷ ክፉ አልተናገረችም። ያየችውን ነው የተናገረችው። እንዲህ ያየውን በግልጽ የሚናገር ሰው ያን ጊዜ ከእኛ መካከል አንድ እንኳ ቢኖር ኖሮ ብዬ ቀኑን ሙሉ ሳስብ ዋልኩ።

እኔና ወንድሜ ሁለት ብቻ ነን፤ ነበርን ማለት ይሻለኛል። ስሙ ታደሰ ነው። እኔ ግን ጋሼ እንጂ በስሙ ጠርቼው አላውቅም። አባታችን ሲሞት እኔ ገና ፊደል እየቆጠርኩ ነበር። እሱ ትምህርቱን ትቶ ብረታ ብረት ቤት ገባና ብየዳ ተማረ። ደብተር የሚገዛልኝ፣ ጫማዬን የሚያሰፋልኝ፣ አስተማሪ «ወላጅ አምጪ» ሲለኝ ከነቱታው መጥቶ የሚቆምልኝ እሱ ነበር። እግዚአብሔር አባቴን ቢወስድም ሜዳ ላይ አልጣለኝም። ለዚህ እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ።

ግቢያችን ከብስራተ ገብርኤል ወደ ታች ሲወረድ ነው። ያን ጊዜ ሰፈሩ እንዲህ በፎቅ አልተከበበም። ከእኛ በታች እርሻ ነበር፤ በጥቅምት ጤፉ በነፋስ ሲተኛና ሲነሣ ከደጃችን ይታየናል። በክረምት መንገዱ ጭቃ ብቻ ስለሚሆን፣ ሰው ሁሉ ደህና ጫማውን በፌስታል ይዞ በፕላስቲክ ጫማ አስፋልቱ ድረስ ይወጣና እዚያ ይቀይራል። አስፋልቱ ዳር ያለች አንዲት ባለሱቅ የሰፈሩን ጭቃማ ጫማ ከደጇ ደርድራ ትጠብቅልን ነበር። ከሥራ ስንመለስ የየራሳችንን እናነሣለን። የሰው ጫማ አድርጎ የሄደ ሰው አላስታውስም።

ከፊት፣ ከመንገዱ በኩል፣ እናታችን የምትኖርበት ባለ ሦስት ክፍል የጭቃ ቤት ነበር። ከኋላ ሁለት ክፍል ሰርቪስ ነበር። በሁለቱ መካከል ያለው የእማዬ ጓሮ ነው። ጌሾ፣ ጤና አዳምና ጎመን ነበረው፤ በአጥሩ ጥግ ደግሞ አንድ የኮክ ዛፍ ቆሟል። ኮኩ የሚደርሰው በፍልሰታ ጾም ስለነበር ልጅ ሳለን ጾሙን የምንወደው በእሱ ምክንያት ነው። ሳይበስል በጨው እንበላዋለን፤ ሲበስል ደግሞ ወፎቹ ይቀድሙናል።

ጌታቸውን ሳገባ እሱ አስተማሪ ነበር፤ የራሱ ቤት አልነበረውም። እማዬ «ቤት እያለ ኪራይ ምን ያደርግላችኋል? እዚሁ ሁኑ» አለችን። ጋሼ ማንም ሳይጠይቀው ክፍሉን ለቀቀልንና አልጋውንና መሣሪያውን ይዞ ወደ ሰርቪሱ ገባ። ማደሪያችን ሁለት ቢሆንም መሶባችን አንድ ነበር። ጋሼ ከሥራ ሲገባ የብረት ሽታው ይቀድመዋል። እጁን ታጥቦ ሳይጨርስ «የታለች ልጄ?» ይላል። ማርታ ከተወለደች ወዲህ እኔን መጠየቅ ትቶ ነበር።

አባታችን ከተጉለት ይዞት የመጣ አንድ ወግ ነበረው። ሁለት ሰው የሚካፈለው ነገር ሲኖር ታላቅ ይከፍላል፣ ታናሽ ይመርጣል። የከፈለ ሰው ታናሹ እስኪመርጥ ድረስ አይናገርም፤ ከተመረጠ በኋላም አይናገርም። እማዬ እሱ ከሞተም በኋላ በዚሁ አሳደገችን። ዳቦ ሲመጣ ቢላዋው ለጋሼ ይሰጣል። እሱ ይቆርሳል፣ እኔ አነሣለሁ። ሁልጊዜ አንዱ ቁራሽ ከሌላው ይበልጥ ነበር፤ እኔም ሁልጊዜ ትልቁን አነሣ ነበር።

«አንተ ልጅ፣ ዓይንህ ጠማማ ነው እንዴ? እኩል መቁረስ መቼ ነው የምትለምደው?» ትለዋለች እማዬ።

እሱ ዝም ብሎ ትንሹን ይበላል።

ከፍ ስል እማዬ ለብቻዬ ጠራችኝ። «ከእንግዲህ ትልቅ ሰው ነሽ። የሚበልጠውን ለሌላው መተው ልመጂ» አለችኝ። የእናት ቃል ነው፤ ያዝኩት። ዛሬም መጥፎ ቃል ነው አልልም።

መንግሥት ከተለወጠ በኋላ፣ ማርታ ገና ዳዴ ስትል፣ እማዬ አረፈች። ብዙ አልታመመችም። ቆርባ፣ ተናዛ፣ ሁላችንንም ባርካ ነው የሄደችው። ተመስገን።

ከሐዘኑ በኋላ የሰፈሩ ወሬ ሁለት ነበር። አንደኛው ስለ ጋሼ ነው። ጎረቤቶቻችን ባገኙት ቁጥር «አንተ ታደሰ፣ ሽበት ሳይቀድምህ አግባ እንጂ!» ይሉታል።

«ብረት የሚበይድ ሰው ዓይኑ ይደክማል፤ ቆንጆ ስታልፍ አትታየኝም» ይላቸዋል እሱ።

ይስቃሉ። እኔ ግን አልስቅም ነበር። ቤቱን ይዘን የተቀመጥነው እኛ ነን፤ ሚስት ቢያመጣ የት ያስገባታል? እላለሁ በልቤ። ሁለተኛው ወሬ ስለ ባሌ ነው። «መምህሩ የሚስቱ ቤት ገብቶ ተደላደለ» ይሉ ነበር። ይህን እኔ አልሰማሁም። ጋሼ ግን ሰምቶ ነበር። መስማቱን ያወቅሁት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው።

የእማዬ ተዝካር ባለፈ ሰሞን የንስሐ አባታችን ጠበል ሊረጩልን መጡ። ረጭተው ሲጨርሱ ከበረንዳው ላይ ተቀመጡና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

«ወንድምሽ ስለ ቦታው እያሰበ ነው» አሉኝ።

ምን እንደሚያስብ አላብራሩልኝም፤ እኔም አልጠየቅኋቸውም። ሰው የወንድሙን ሐሳብ በሌላ ሰው አፍ ከሰማ ዝርዝር ለመጠየቅ ያፍራል። ድርሻውን ፈልጎ፣ ለእኔ መንገር ከብዶት፣ ለአባ የተናገረ መሰለኝ። እውነትም ትዳር አስቧል ብዬም ደስ አለኝ።

«ቢከፈል ይሻላል ብሎ ከሆነ እኔም ደስ ይለኛል፤ የእሱ ደስታ የእኔ ነው» አልኳቸው።

አባ ይህን ይዘው ወደ ጋሼ ሄዱ። «እኅትህ ቢከፈል ደስ ይላታል» አሉት። ሐሰት አልተናገሩም። ከአፌ የወጣ ቃል ነው። ግማሹ ብቻ ነው መንገድ ላይ የቀረው።

በዚያው ሰሞን ራት ላይ ጋሼ ማርታን ጭኑ ላይ አስቀምጦ እያጎረሳት፣ «የአባባን ካርታ ለሁለት ብናስደርገው ጥሩ ነው መሰለኝ። ማዘጋጃ ቤት እንሂድ» አለ።

«እንዳልክ ጋሼ።»

ጌታቸው ቀና ብሎ አየኝ፤ ከዚያ ወደ ሳህኑ ተመለሰ። እሱም በሰው ርስት አልናገርም ብሎ ነው። ራቱ ሽሮ ነበር። ማናችንም ሁለተኛ አልጨመርንም።

ለማያውቅ ሰው፣ መሬቱ የመንግሥት ነው፤ የእኛ የሚባለው ቤቱና ይዞታው ነው። ይዞታን ለሁለት ለመክፈል ማዘጋጃ ቤት መፍቀድ አለበት። ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ አወጣን፤ ከቀበሌ ደብዳቤ አጻፍን፤ የግብር ደረሰኝ ሰበሰብን። ጉዳዩን ሁሉ ሁለታችን ነበርን የምንጨርሰው። እውነቱን ለመናገር፣ ከልጅነቴ ወዲህ ከጋሼ ጋር ያን ያህል አብረን የዋልንበት ጊዜ የለም። ለመለያየት ስንሮጥ ነው የተቀራረብነው።

ማመልከቻውን ያስገባንበት ቀን ሐምሌ ውስጥ ነው። ከሌሊቱ የጀመረ ዝናብ አላባራም። ጋሼ የእሑድ ኮቱን ለብሶ፣ ወረቀቶቹን ከኮቱ ሥር ሸጉጦ፣ እኔ ነጠላዬን አጣፍቼ፣ ከአስፋልቱ ውይይት ተሳፈርን። ውይይት ታክሲ የአሁን ልጆች አያውቁትም። ሰዎች ፊት ለፊት ጉልበት ለጉልበት ተጋጥመው የሚቀመጡባት ትንሽ መኪና ነበረች። ዝም ብሎ መሄድ የሚቻልባት አልነበረችም፤ የማያውቀው ሰው እንኳ ያወራል። እኔና ጋሼ ግን ፊት ለፊት ተቀምጠን ዝናቡን ስናይ ሄድን።

የማዘጋጃ ቤቱ ክፍል ሰው ሞልቶት ነበር። እርጥብ ጋቢ ይሸታል። ተራችን ሲደርስ ጠረጴዛው ጋ ያለው ሰውዬ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቅሎ ወረቀቶቻችንን አገላበጠ። ደህና ሰው ነበር፤ ቀልድ ይወዳል።

«መልካም። አመልካች ማነው?»

«እሷ ናት» አለ ጋሼ።

«እሱ ነው» አልኩ እኔ፣ እኩል።

ሰውዬው እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

«ይሄ ደግሞ አዲስ ነው! እዚህ የሚመጣ ወንድምና እኅት ለአንድ ክንድ አፈር ሲነካከስ ነው የማውቀው። እናንተ ጋ የሚፈልግ ሰው ጠፋ? ታዲያ ማን አመለከተ ብዬ ልጻፍ? ነፋስ?»

ከኋላችን የቆመው ሰው ሁሉ ሳቀ። አንዲት ሴትዮ «ካልፈለጋችሁት ለእኔ ስጡኝ!» አለች። እኛም ሳቅን።

«ሁለታችንም ብለህ ጻፍ» አለ ጋሼ።

ያ ሰው ሳያውቀው በሩን ከፍቶልን ነበር። ዞር ብዬ «ጋሼ፣ አንተ ትፈልጋለህ?» ብለው አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ነገር ግን በሰው ፊት፣ ተራ በሚጠብቅ ሰው ፊት፣ ታላቅ ወንድምን መጠየቅ ነውር መሰለኝ። እሱም ጎንበስ ብሎ የኮቱን ጫፍ ይጨምቅ ነበር።

«እንግዲያው ሁለት ነገር እወቁ» አለ ሰውዬው፣ አሁን ሳይቀልድ። «ለኋለኛው ቦታ የራሱ መውጫ ካልተተወለት አይፈቀድም። ወሰኑ ሳይታጠር ደግሞ አዲስ ካርታ አይሰጥም። አንዴ ከተከፈለ መልሶ አንድ ማድረግ ሌላ ጣጣ ነው። አስባችሁበታል?»

«አስበንበታል» አልን ባንድ አፍ።

ውሸት አልነበረም። እያንዳንዳችን ለየብቻችን፣ ስለ ሌላው አስበናል።

ስንወጣ ዝናቡ ጋብ ብሎ ነበር። አንዲት ሻይ ቤት ገባን። ጋሼ ለራሱ አንድ ቦምቦሊኖ፣ ለእኔ ሁለት አዘዘ። ሻዩ ቅርንፉድ በዝቶበት ነበር። ብርጭቆውን አስቀመጠና፣

«እቱ» አለኝ።

«አቤት ጋሼ።»

«ምንም አይደል። ሻይሽ እንዳይቀዘቅዝ።»

ቀያሹ የመጣው ነሐሴ ሲገባ ነው። ገመድና ካስማ ይዞ ጓሮውን ከላይ ታች ለካ። መውጫው ከፊተኛው ቤት ጎን፣ አጥሩን ተከትሎ እንዲያልፍ ወሰነ። ከዚያ አንድ ካስማ የጓሮው መካከል ላይ ተከለና «ወሰኑ እዚህ ቢሆን እኩል ይመጣል» አለ።

ጋሼ ካስማውን ነቀለው። ይዞት ወደ ኋላ ሄደ፣ ሄደ፣ ከሰርቪሱ ደጅ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ተከለው። ጓሮው ሁሉ ከፊተኛው ቤት ጋር ቀረ ማለት ነው።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ እኩል አይደለም» አለ ቀያሹ።

«አውቃለሁ።»

«በኋላ ጭቅጭቅ እንዳይመጣ ነው።»

«አይመጣም። መራጯ እሷ ናት» አለና በመዶሻ መታው።

እኔ በረንዳው ላይ ማርታን አዝዬ አያለሁ። ያየሁት ይህ ነው፤ የተረዳሁት ግን ሌላ ነው። የአባቱን ቤትና ጓሮ ለራሱ ፈልጎታል፤ ታላቅ ልጅ ነው፣ ይገባዋል፤ በአፉ መጠየቅ ስላፈረ በካስማው ነገረኝ ብዬ ነው የተረዳሁት። ቅር አላለኝም። እንዲያውም የልቡን ስላወቅሁለት ደስ አለኝ። ልጅ ሳለሁ ቢሆን ኖሮ ዓይኔ የሚያየው ሌላ ነበር። ትልቁን ቁራሽ አይቼ እጄን እዘረጋ ነበር።

ምርጫው በፍልሰታ ፍቺ ዕለት ሆነ። ከቅዳሴ መልስ አባ መጡ፤ ከዕድሩ ሁለት ሽማግሌዎች ተጠሩ። ጌታቸው ወንበር አወጣ። ተጸለየ። ጋሼ ከሁላችንም ፊት ቆሞ፣ እንደ ልጅነታችን፣

«እቱ፣ ከፍያለሁ። ምረጪ» አለኝ።

«የኋላውን።»

ፊቱን አይቻለሁ። ደስ የሚለው መስሎኝ ነበር የማየው፤ ደስታ ግን አላየሁበትም። ሊናገር ከንፈሩን ከፈት አደረገ።

«አይተሽዋል? የእማዬ ቤት እኮ የፊተኛው ነው።»

«አውቃለሁ ጋሼ። የኋላው ይበቃናል።»

«ይባርክሽ! ታላቅን ማክበር እንዲህ ነው» አሉ አንደኛው ሽማግሌ። አባም መረቁኝ። የከፈለ ሰው አይናገርም፤ እሱም አልተናገረም። ምርቃቱ ሳያልቅ ወደ ኮኩ ዛፍ ሄዶ ቅጠሉን ሲነካካ ቆየ። የበሰሉ ኮኮች መሬት ወድቀው ንብ ይዟቸው ነበር።

ዛፉ መስከረም ላይ ተቆረጠ። መውጫው ላይ ነበር የቆመው። ጤና አዳሙም ሄደ። ጋሼ አጥሩን ራሱ አቆመ፤ መጀመሪያ በቆርቆሮ፣ ኋላ በብሎኬት። የእኔንም በር እሱ ነው የበየደልኝ። በላዩ መስቀል ሠራበት። አዲሱ ካርታ በየስማችን ወጣ። ጌታቸው የራሳችን በር ስላለን ደስ ያለው መሰለኝ። አልጠየቅሁትም።

ከታች ከእርሻው በኩል ወተት የሚያመጡልን አዴ ጫልቱ የሚባሉ ሴት ነበሩ። አጥሩ ካለቀ በኋላ የመጡ ቀን ጣሳቸውን ይዘው በሁለቱ በሮች መካከል መንገዱ ላይ ቆሙ።

«የቱን ላንኳኳ?»

«ሁለቱንም አዴ ጫልቱ። ለሁለት ከፍለው ይስጡን።»

አጥሩን አዩት፤ እኔን አዩኝ። «እኔ እናታችሁ ብቻ የሞተች መስሎኝ» አሉና ወተቱን ቀዱልኝ።

ጋሼ በዚያ ሰፊ ቤት ብቻውን ሆነ። እኔ ከባሌና ከማርታ ጋር ሁለት ክፍል ውስጥ ነበርኩ፤ ዮናስም እዚያው ተወለደ። ለመብላት ሲመጣ በራሱ በር ወጥቶ፣ መንገድ ዞሮ፣ በእኛ መውጫ ገብቶ ያንኳኳል። ድሮ ጓሮ ተሻግሮ ይገባ የነበረ ሰው ማንኳኳት ጀመረ። መጀመሪያ በየቀኑ መጣ። ከዚያ ለእሑድ ሆነ። ከዚያ ለበዓል። ሳስጠራው «ደክሞኛል፤ በልቻለሁ» ይላል። እየሸሸ መሰለኝና አላስጨነቅሁትም። ማርታ በሩ ሲንኳኳ ሮጣ «እማዬ፣ እንግዳ መጣ!» ትለኝ ነበር። እንዲህ ስትል ጋሼ ከውጭ ሆኖ ይሰማል፤ በሩ ቆርቆሮ ነው። ልጆቼ አጎታቸውን በእንግድነት አወቁት።

ሚስትም አላገባም።

ጥቂት ዓመት ቆይቶ አንድ ቀን መጣና ሳይቀመጥ፣ «እቱ፣ ቤቱ ሰፋኝ። ልሸጠውና ለቡ ልወርድ ነው። እዚያ ግንባታ ተጀምሯል፤ ለብየዳ ሥራ አለ» አለኝ።

ለምን? ብለው ምን ነበረበት። «አትሂድብኝ» ብለው ምን ነበረበት። ፈቃዱን የነካሁ መሰለኝና፣

«እንደወደድክ ጋሼ» አልኩት።

ቤቱን የገዙት ደግ ሰዎች ናቸው። እስከ ዛሬ በሰላም እንኖራለን።

ለቡ ያን ጊዜ ሩቅ ነበር። በሚኒባስ ተሂዶ፣ ከመውረጃው በኋላ ደግሞ በድንጋይና በአሸዋ ክምር መካከል በእግር ይኬዳል። ጋሼ አንዲት ክፍል ከነ መሥሪያ ደጇ ገዝቶ ተቀመጠ። ሳሉ የጀመረው እዚያ ነው። የብየዳው ጭስ ነው አሉን። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ድፎ ዳቦና የምስር ወጥ ይዤለት ሄድኩ። ጋደም ብሎ አገኘሁት። ደግፌ አስቀመጥኩት፤ ዳቦውን ቆርሼ ሰጠሁት። ይዞት ቆየ።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ? እንዳትቀየሚኝ» አለ።

«ምን ብዬ እቀየምሃለሁ?»

«የእማዬን ቤት ለምን ጠላሽው?»

ያልኩት ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ አለ። «እኔ? እኔ ጠላሁት? አንተ ካስማውን ወደ ኋላ ስትወስደው ለራስህ የፈለግኸው መስሎኝ ነው እንጂ!»

ዓይኑን አፍጥጦ አየኝ።

«ለራሴ? አንቺ ሴት፣ እኔ መቼ ነው ስቆርስ ለራሴ አስፍቼ የማውቀው?»

እሱ ሳቀ። እስኪያስለው ድረስ ሳቀ።

«አየሽ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ትልቅ ሰው ሆነሽብኝ ሳለ ገና ልጅ ነሽ ብዬ ቆረስኩልሽ።»

«መክፈሉንስ? መክፈሉን አንተ አልነበርክ የፈለግኸው?»

«እኔማ አንቺ የፈለግሽ መስሎኝ። ‘ደስ ይላታል’ አሉኝ አባ።»

«ለእኔ ደግሞ ‘እያሰበ ነው’ አሉኝ።»

«እያሰብኩማ ነበር። ባልሽን ሰው ሲያማው ሰምቼ፣ ምን ላድርግ ብዬ ነበር የማስበው። ምክር ነው የጠየቅኋቸው። አጥር አልጠየቅሁም።»

ከውጭ አሸዋ የሚያራግፍ መኪና ድምፅ ይሰማል። እሱ ማግባት ቢፈልግ ቤት እንዳይቸግረው እኔ ለቀቅሁ፤ እኔ ከነልጆቼ እንድሰፋ እሱ ለቀቀ። ሁለታችንም የፈለግነው ያንኑ አንድ መሶብ ነበር።

«ጋሼ፣ አሁን ና። ከእኛ ጋር ሁን» አልኩት።

«ሁለት ክፍል ውስጥ? መምህር ምን ይላል?»

«ምንም አይልም።»

«አስቢበት። እኔም ላስብበት።»

ተነሥቼ ልብሱን ሰብስቤ ሻንጣው ውስጥ መክተት ነበረብኝ። ሳልጠይቀው፣ እንደ ልጅነቴ ያየሁትን ማንሣት ነበረብኝ። ግን ላስብበት ብሏል ብዬ፣ ፈቃዱን ልጠብቅ ብዬ፣ ግንባሩን ስሜ ወጣሁ። በየሳምንቱ ሄድኩለት። በየሳምንቱ «ትንሽ ይሻለኝና» ይለኛል። ሳይሻለው፣ ዐቢይ ጾም ሳይጋመስ አረፈ። እጁ እጄ ውስጥ ነበር። ሳንነጋገር እንድንለያይ እግዚአብሔር ስላልፈቀደ አመሰግነዋለሁ። ያቺን እሑድ ባይሰጠን ኖሮ፣ እሱ ጠላችኝ ብሎ፣ እኔ ሸሸኝ ብዬ፣ መቃብር እንወርድ ነበር። ያም ሆኖ አንድ እሑድ ለዚያ ሁሉ ዓመት አነሰብኝ።

ይሉኝታ መልካም ነገር ነው ብለው አሳደጉን፤ መልካምም ነው። ቤተ ክርስቲያንም የሚበልጠውን ለባልንጀራህ ተው ትላለች። ነገር ግን ባልንጀራዬ የሚፈልገውን ሳልጠይቅ የተውኩለት ነገር ስጦታ ሊሆን አይችልም። ይህን የተማርኩት ዘግይቼ ነው።

ለኪዎቹ በመጡ ማግስት ማርታ መጣች። ጌታቸው ካረፈ ወዲህ ብቻዬን ነኝ፤ ጉልበቴም ደረጃ እንቢ ብሏል። እግሬን እያሸችልኝ፣

«እማዬ፣ ከዮናስ ጋር ተነጋግረናል። ብቻሽን አትሆኚም። ከእሱ ጋር መሆን ትፈልጊያለሽ ወይስ ከእኔ ጋር? እኛ ምንም አይከብደንም፤ አንቺ የፈለግሽውን ንገሪን» አለችኝ።

«እኔማ የትም እሆናለሁ፤ እንደ እናንተ ፈቃ...»

አፌ ለምዶበት ነው። ቃሉን ሳልጨርስ አቆምኩ። ማርታ ቀና ብላ አየችኝ።

«ከአንቺ ጋር» አልኳት።

«እውነትሽን ነው?»

«እውነቴን ነው። ከአንቺ ጋር መኖር እፈልጋለሁ።»

ዓይኗ እንባ ሞላ። ከእኔ አፍ «እፈልጋለሁ» የሚል ቃል ሰምታ አታውቅም። ለወንድሟ ልትነግረው ስልኳን ይዛ ወደ ውጭ ወጣች። እኔም አማተብኩና አመሰገንኩ። ይህን ለማለት ትንፋሽ እንኳ አይፈጅም። ለልጄ በማለቴ ደስ ብሎኛል። ነገር ግን ቃሉ መጀመሪያ ይገባ የነበረው ለእሷ አልነበረም።